ቻይንኛ በእስክሪብቶ ወይስ በኪቦርድ? የውጭ ተማሪዎች ስንት ፊደል በእጃቸው መጻፍ አለባቸው?

ቻይንኛ መማር የጀመረ ነጋዴ አስቀድሞ ሊለያቸው ከሚገቡ ቃላት መካከል "መግዛት" እና "መሸጥ" ይገኙበታል። ሁለቱም "ማይ" ተብለው የሚነገሩ ሲሆን የሚለያዩት በቃና ነው። ድምፁ ዝቅ ብሎ መልሶ ሲነሳ "መግዛት"፣ ከላይ ወደ ታች በኃይል ሲወርድ ደግሞ "መሸጥ" ይሆናል። በጽሑፍም ቢሆን ተቀራራቢ ናቸው። በዋናው ቻይና በሚሠራበት አጻጻፍ "መግዛት" ስድስት ጭረቶች አሉት። በአናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ሁለት ጭረቶች ሲጨመሩበት "መሸጥ" ይሆናል።

በስልኩ ላይ የዚህን ቃል ድምፅ በላቲን ሆሄያት የሚተይብ ሰው ሁለቱን ፊደሎች በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ስልኩ ግምቱን ያቀርባል፤ የመጨረሻው ምርጫ ግን የጸሐፊው ነው። በዋጋ ድርድር መካከል የተሳሳተው ፊደል ከተመረጠ ገዢው ሻጭ፣ ሻጩም ገዢ ሆኖ ይገኛል።

ቻይንኛን ለውጭ አገር ሰዎች የሚያስተምሩ መምህራን ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የተከራከሩበት ጉዳይ ከዚህ ይነሳል። በዛሬው ዘመን አብዛኛው ጽሑፍ የሚጻፈው በስልክና በኮምፒውተር ከሆነ፣ የውጭ ተማሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊደሎችን በእጁ እየደጋገመ እንዲጽፍ ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው ወይስ የቋንቋው መሠረት? ሁለቱ ዘዴዎችስ ጎን ለጎን ሊሄዱ የሚችሉት እንዴት ነው?

ጉዳዩ ለአካባቢያችን ለምን ያሳስባል?

በአፍሪካ የመጀመሪያው የኮንፊሽየስ ተቋም በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በአውሮፓውያኑ 2005 ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ተቋማት በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳ እና በሌሎች የአካባቢው አገሮች ተከፍተዋል። ኡጋንዳ ቻይንኛን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡ የውጭ ቋንቋዎች አንዱ አድርጋለች። ኬንያም ቋንቋውን በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ማቀዷን በ2019 አስታውቃ ነበር።

ተማሪዎቹን ወደ ክፍል የሚያመጣቸው ምክንያት በአብዛኛው የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ2016 የተመረቀውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። በመንገድ ሥራ፣ በፋብሪካዎችና በኢንዱስትሪ ፓርኮች ቻይንኛ የሚችል አስተርጓሚ ይፈለጋል። ሸቀጥ ለማምጣት ወደ ጓንግዡ የሚመላለሱ ነጋዴዎችም ቋንቋው ያስፈልጋቸዋል። ለነፃ ትምህርት ዕድል የሚወዳደሩ ወጣቶች ደግሞ ኤችኤስኬ የተባለውን ዓለም አቀፍ የቻይንኛ ችሎታ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል።

ለእነዚህ ሁሉ ጊዜ ውድ ነው። የአሜሪካ ዲፕሎማቶችን የሚያሠለጥነው ተቋም ቻይንኛን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ቋንቋዎች ጎራ መድቦ፣ ለሥራ የሚያበቃ ችሎታ ለማግኘት 2,200 ያህል የክፍል ሰዓታት እንደሚጠይቅ ይገልጻል። ከዚህ ሰዓት ውስጥ ምን ያህሉ ለእስክሪብቶ፣ ምን ያህሉስ ለንግግርና ለንባብ ይዋል የሚለው ውሳኔ፣ ተማሪው ትምህርቱን በመግፋቱና አቋርጦ በመሄዱ መካከል ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

ኪቦርዱ ፊደሉን እንዴት ያመጣዋል?

የቻይና መንግሥት በ2013 ያወጣው መደበኛ የፊደል ዝርዝር 8,105 ፊደሎችን ይዟል። ከእነዚህ መካከል 3,500ዎቹ በብዛት የሚያገለግሉ ተብለው በመጀመሪያው እርከን ተመድበዋል። እንዲህ ያለውን ብዛት በአንድ ኪቦርድ ላይ መደርደር አይቻልም። መፍትሔ የሆነው ፒንዪን የተባለው፣ የቻይንኛን ድምፅ በላቲን ሆሄያት የማስፈሪያ ዘዴ ነው።

ፒንዪን በቻይና ሕዝባዊ ምክር ቤት የጸደቀው በ1958 ነው። ሥርዓቱን ካዘጋጁት ምሁራን መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው ዡ ዮውጓንግ በ2017 በ111 ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓቱ ሲወጣ ዋና ዓላማው ማንበብና መጻፍን ማስፋፋትና አንድ ወጥ አነጋገርን ማስተማር ነበር። የኮምፒውተር ዘመን ሲመጣ ግን ሚሊዮኖች በየዕለቱ የሚጽፉበት መሣሪያ ሆነ። ጸሐፊው ድምፁን ይተይባል፤ ፕሮግራሙ ድምፁን የሚጋሩትን ፊደሎች ይደረድራል፤ ጸሐፊው ከመካከላቸው ይመርጣል።

ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በላቲን ኪቦርድ አማርኛ የሚጽፍ ሰውም ድምፁን ተይቦ የግዕዝ ፊደሉን ያገኛል። "ሰ" ወይስ "ሠ"፣ "ጸ" ወይስ "ፀ" የሚለውን ምርጫም ያውቀዋል። ሆኖም በአማርኛ አንድ ድምፅ የሚጋሩት ፊደሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቢተካም አንባቢ መልእክቱን አይስተውም።

በቻይንኛ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ቃና ሳይቆጠር በማንዳሪን ቻይንኛ ያሉት ክፍለ ቃላት 400 ያህል ብቻ ናቸው። ከስምንት ሺህ በላይ የሆኑት ፊደሎች ለእነዚህ ሲካፈሉ በአማካይ ለአንድ ድምፅ ሃያ ያህል ይደርሳሉ። "ሺ" ተብሎ ሊጻፍ የሚችለው ድምፅ ብቻውን እንደ ቃናውና እንደ ፊደሉ አሥር፣ ድንጋይ፣ ጊዜ፣ ከተማ፣ መምህር፣ ግጥም ወይም ታሪክ የሚል ትርጉም ይይዛል። "እርሱ"፣ "እርሷ" እና ለግዑዝ ነገር የሚውለው ተውላጠ ስም ደግሞ በንግግር በቃናም ጭምር አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በጽሑፍ ብቻ ነው።

ከፒንዪን ሌላ በቅርጽ ላይ የተመሠረቱ የመተየቢያ ዘዴዎችም አሉ። ዋንግ ዮንግሚን በ1983 ያስተዋወቀው ዉቢ፣ ፊደሉን በድምፁ ሳይሆን በተሠራባቸው ክፍሎች ያስጽፋል። በእነዚህ ዘዴዎች ለመተየብ ግን የፊደሉን አሠራር አስቀድሞ ማወቅና የየክፍሉን ቁልፍ መሸምደድ ስለሚጠይቅ፣ የውጭ ተማሪዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት በፒንዪን ነው።

እጅ የሚያስተምረው

የቻይና ፊደል ለጀማሪ የጭረት ውዝግብ ይመስላል። አብዛኛው ፊደል ግን ከታወቁ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። "እናት" የሚለው ፊደል በግራው "ሴት"፣ በቀኙ ደግሞ "ፈረስ" የሚሉ ክፍሎች አሉት። "ሴት" ትርጉሙን ትጠቁማለች፤ "ፈረስ" የገባው "ማ" የሚለውን ድምፅ ለማበደር ብቻ ነው።

በዚሁ መንገድ "ቺንግ" የሚል ድምፅ ያለው አንድ ክፍል ከውኃ ምልክት ጋር ሲጣመር "ጥርት ያለ"፣ ከንግግር ምልክት ጋር "መጠየቅ" ወይም "እባክዎ"፣ ከልብ ምልክት ጋር "ስሜት"፣ ከፀሐይ ምልክት ጋር ደግሞ "ብራ ቀን" ይሆናል። ይህን የተረዳ ተማሪ አራት የማይዛመዱ ሥዕሎችን አይሸመድድም፤ የአንድ ቤተሰብ አባላትን ይተዋወቃል እንጂ። በ1716 የተጠናቀቀው የካንግሺ መዝገበ ቃላት ፊደሎችን የመደበው በ214 መሠረታዊ ክፍሎች ሥር ነው። የክፍሎቹ ብዛት ከግዕዝ ፊደል ገበታ ቅርጾች ብዛት ብዙም አይርቅም።

በእጅ መጻፍ ተማሪውን እነዚህን ክፍሎች አንድ በአንድ እንዲያያቸው ያስገድደዋል። ጥቃቅን ልዩነቶችም በዚህ ይጋለጣሉ። "ትልቅ" የሚለው ፊደል ሦስት ጭረቶች አሉት። ከሥሩ አንዲት ነጥብ ስትጨመር "እጅግ" ይሆናል፤ ነጥቧ ወደ ላይኛው ቀኝ ስትዛወር "ውሻ" ይሆናል። "አፈር" እና "ወታደር" ተብለው የሚነበቡት ሁለት ፊደሎች ደግሞ የሚለያዩት ከሁለቱ አግድም መስመሮች የትኛው ይረዝማል በሚለው ብቻ ነው። ዐይን ፈጥኖ የሚያልፈውን እጅ ሳይጽፈው ሊያልፈው አይችልም።

የጭረት ቅደም ተከተልም የራሱ ፋይዳ አለው። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አግድሙ ከቁሙ በፊት፣ በዙሪያ የሚዘጋው መስመር በመጨረሻ የሚሉት ደንቦች ፊደሉን ከሥዕልነት ወደ እንቅስቃሴ ይለውጡታል። እጁ መንገዱን ሲለምድ አእምሮም ፊደሉን ለማስታወስ አንድ ተጨማሪ መያዣ ያገኛል።

ጥናቶችም ይህንን ይደግፋሉ። ታን ሊ ሃይ እና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያሳተሙት ጥናት፣ የቻይና ሕፃናት የማንበብ ችሎታ ከመጻፍ ችሎታቸው ጋር በጥብቅ የተቆራኘ መሆኑን አሳይቷል። በ2013 ደግሞ በቤይጂንግ፣ በጓንግዡ እና በጂኒንግ ከተሞች ከ5,800 በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችን መርምረው፣ በፒንዪን አብዝተው የሚተይቡ ልጆች በንባብ ውጤታቸው ዝቅ ብለው እንደሚገኙ አስታወቁ።

ይህ ግኝት በዓለም የመገናኛ ብዙኃን ሰፊ ሽፋን ቢያገኝም በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። ጥናቱ ያሳየው የሁለት ነገሮችን ተያይዞ መገኘት እንጂ አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑን አይደለም። ንባብ የሚከብደው ልጅ ከመጀመሪያውም ወደ ስልክ የሚያዘነብል ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ የተጠኑት ቋንቋውን ከእናታቸው አፍ የሰሙ ሕፃናት እንጂ ቋንቋውን ከዜሮ የሚጀምሩ የውጭ አገር አዋቂዎች አይደሉም።

ኪቦርድ የሚያስተምረው

በሻንሃይ የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ "መግዛት" እና "መሸጥ" እንዴት እንደሚነገሩ ያውቃል፤ የጎደለው ፊደሉ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በካምፓላ ትምህርቱን የሚጀምር ወጣት ግን ፊደሉም ድምፁም፣ ትርጉሙም አንድ ላይ ይጠብቁታል። ለመጀመሪያው ፒንዪን መተየብ የሚያውቀውን መድገም ነው። ለሁለተኛው ግን እያንዳንዱ የተተየበ ቃል የድምፅ ልምምድ ይሆንለታል፤ ድምፁን ያላወቀ ፊደሉን ሊያመጣው አይችልምና።

የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ፔርፌቲ የተሳተፉበትና በ2011 የታተመ ጥናት ይህንኑ ልዩነት በአዋቂ ተማሪዎች ላይ መርምሯል። ፊደሎችን በእጃቸው የጻፉት ተማሪዎች ቅርጹን በመለየትና ከትርጉሙ ጋር በማያያዝ ሲበረቱ፣ በፒንዪን የተለማመዱት ደግሞ ፊደሉን ከድምፁ ጋር በማያያዝ በርትተው ተገኝተዋል። እጅ ቅርጽን፣ ኪቦርድ ድምፅን ያጠናክራል ማለት ነው። በዚህ መሠረት ሁለቱ ዘዴዎች አንዱ የሌላውን ቦታ የሚቀሙ ተቀናቃኞች ሳይሆኑ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን የሚሠሩ መሣሪያዎች ናቸው።

ኪቦርድ ሌላም ጥቅም አለው። በእጁ ብቻ የሚጽፍ ጀማሪ ሐሳቡ ከሚችላቸው ጥቂት ፊደሎች ሊያልፍ አይችልም፤ ደብዳቤ መጻፍ ቢያሰኘውም ፊደሉ ያግደዋል። የሚተይብ ተማሪ ግን ቃሉን አውቆ ፊደሉን ከዝርዝር መለየት እስከቻለ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ወራት አጭር መልእክት መላክ፣ ስለ ቤተሰቡ አንድ አንቀጽ መጻፍ፣ ጽሑፉንም መልሶ ማረም ይችላል። "እስክሪብቶ አልባ ቻይንኛ" የሚለውን አካሄድ ከሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በፊት ያቀረቡት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ዋና መከራከሪያም ይህ ነበር። ጆሴፍ አለን የተባሉ ጸሐፊ ደግሞ በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ ፊደልን በእጅ መጻፍ መማር ለውጭ ተማሪ ጊዜ ማባከን ነው እስከማለት ደርሰዋል።

ሆኖም ኪቦርዱ የሚሸፍናቸው ጉድለቶች አሉ። በዕለት ተዕለት አተያየብ ቃና አይጻፍም። ስለዚህ ተማሪው "ማይ"ን በተሳሳተ ቃና እየተናገረ ትክክለኛውን ፊደል ሊመርጥ ይችላል። ፕሮግራሙም የተለመደውን ቃል አስቀድሞ ስለሚያቀርብ ሳያነቡ የመጀመሪያውን የመንካት ልማድ ይፈጠራል። "በ… መገኘት" እና "እንደገና" የሚሉት ቃላት ሁለቱም "ዛይ" ተብለው በአንድ ቃና ስለሚነገሩ፣ አንዱን በሌላው መተካት በቻይናውያን መልእክቶች ውስጥ እንኳ የተለመደ ስህተት ነው።

ቻይናውያንም ይረሳሉ

በቻይንኛ "ቲ ቢ ዋንግ ዚ" የሚባል አነጋገር አለ፤ "ብዕር አንስቶ ፊደል መርሳት" እንደማለት ነው። የሚያነበውን፣ በየቀኑም የሚተይበውን ፊደል በወረቀት ላይ ልጻፍ ሲል እጁ ላይ የሚጠፋበት ሰው የሚገልጽ ነው። ጉዳዩ ያሳሰበው የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን በ2013 ታዳጊዎች ቃል እየተነገራቸው በእጃቸው ፊደል የሚጽፉበት ውድድር ማሰራጨት ጀመረ። ተመልካቾች በየቤታቸው እየሞከሩ በራሳቸው መርሳት የተገረሙበት ዝግጅት ነበር።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በኪቦርድ ላይ መጫን አይቻልም። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ዴቪድ ሞዘር በ1991 በጻፉት ጽሑፍ፣ "ማስነጠስ" የሚለው ቃል እንዴት እንደሚጻፍ በቤይጂንግ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ የሚያጠኑ ሦስት የዶክትሬት ተማሪዎችን ጠይቀው አንዳቸውም በትክክል መጻፍ እንዳልቻሉ ተርከዋል። በዚያን ዘመን ስማርት ስልክ አልነበረም። በእጅ የመጻፍ ችሎታ ከማንበብ ችሎታ ይልቅ በፍጥነት የሚደበዝዝ መሆኑ የጽሑፍ ሥርዓቱ ራሱ ያመጣው ጠባይ ነው፤ ኪቦርዱ ያባብሰዋል እንጂ አልፈጠረውም።

ከዚህ ለመምህራን የሚወጣ ትምህርት አለ። የተማሩ ቻይናውያን እንኳ በእጃቸው የማይጽፉትን ፊደል ሁሉ የውጭ ተማሪ ከትዝታው እንዲጽፍ መጠየቅ ሚዛናዊ አይደለም።

ሦስት ሺህ ማንበብ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ መጻፍ

የቻይና መንግሥት በሐምሌ 2021 ሥራ ላይ ያዋለው የዓለም አቀፍ የቻይንኛ ትምህርት ደረጃ ለዚህ ክርክር ይፋ መልስ ሰጥቷል። ደረጃው ትምህርቱን በሦስት እርከንና በዘጠኝ ደረጃዎች ይከፍለዋል። ተማሪው ሁሉንም ሲያጠናቅቅ 11,092 ቃላትንና 3,000 ፊደሎችን ማወቅ ይጠበቅበታል። በእጁ መጻፍ የሚጠበቅበት ግን 1,200 ፊደሎችን ብቻ ነው።

ክፍፍሉ በየእርከኑ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በመጀመሪያው እርከን 900 ፊደሎችን አንብቦ 300 ይጽፋል። በመካከለኛው ሌላ 900 ሲያነብ የሚጽፈው 400 ነው። በከፍተኛው ደግሞ 1,200 ሲጨመር በእጅ የሚጻፈው 500 ይሆናል። በየትኛውም እርከን የሚነበበው ከሚጻፈው በእጥፍ ይበልጣል።

ይህ ለውጭ ተማሪ ብቻ የተደረገ ቅናሽ አይደለም። የቻይና የመጀመሪያ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርትም ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 1,600 ያህል ፊደሎችን እንዲለዩ ሲያዝ፣ መጻፍ የሚጠበቅባቸው ግን ግማሹን፣ 800 ያህሉን ነው። "ብዙ መለየት፣ ጥቂት መጻፍ" የሚለው መርሕ እዚያም ይሠራል።

ማንበብን ከመጻፍ ነጥሎ ማስተማር ለኢትዮጵያ አንባቢም አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ዘልቆ፣ ዳዊት ሲደግም እስክሪብቶ ላይነካ ይችላል። ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚሠለጠንበት ሙያ ነበር። ልዩነቱ የግዕዝ ፊደል ቅርጹን ያየ ሰው ድምፁን በቀጥታ የሚያገኝበት መሆኑ ነው። በቻይንኛ ግን ፊደሉ ድምፁን በግማሽ ብቻ ስለሚጠቁም፣ መጻፍን ፈጽሞ መተው ንባቡንም ያሳሳዋል። ሙሉ በሙሉ ከመተው ይልቅ የሚጻፈውን መርጦ ማሳነስ የተመረጠውም ስለዚህ ነው።

ፈተናው የሚወስነው

መምህሩ ምንም ያህል ቢያስብበት፣ ተማሪው የሚያጠናው ፈተናው የሚጠይቀውን ነው። ኤችኤስኬ በወረቀትም በኮምፒውተርም ይሰጣል። ለዓመታት በሠራው ባለ ስድስት ደረጃ ፈተና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ከፊደሉ ጋር ፒንዪን አትመው ያቀርባሉ፤ የጽሑፍ ክፍልም የላቸውም። ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ግን መጻፍ ይመጣል። በስድስተኛው ደረጃ ተፈታኙ 1,000 ያህል ፊደሎች ያሉትን ጽሑፍ አንብቦ ከተመለሰበት በኋላ ፍሬ ነገሩን በ400 ፊደሎች ያህል ማጠቃለል አለበት።

በወረቀት የሚፈተን ተማሪ እነዚያን ሁሉ በእጁ ይጽፋል፤ በኮምፒውተር የሚፈተነው ይተይባል። አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎች የተለያየ ችሎታ ሊኖራቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ፈተናውን ለመውሰድ የተዘጋጀ ሰው የሚቀመጥበት ማዕከል በየትኛው መንገድ እንደሚፈትን አስቀድሞ ማጣራቱ ብዙ ድካም ይቆጥብለታል።

ሚዛኑ በክፍል ውስጥ

በአካባቢያችን ሚዛኑን የሚያዛቡ ተጨማሪ ነገሮች አሉ። የኮምፒውተር ክፍል የሌለው፣ መብራትና ኢንተርኔት የሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ወደ ደብተርና እስክሪብቶ ማዘንበሉ የግድ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ተማሪዎች ስልክ አላቸው፤ አንድ ጊዜ የተጫነ የፒንዪን መተየቢያ ደግሞ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ስለዚህ ምርጫው በሀብት ብቻ የሚወሰን አይደለም።

ከላይ የተዘረዘሩት ግኝቶችና የ2021 ደረጃ አንድ ላይ ሲታዩ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እጅ ይቅደም። ጀማሪው መሠረታዊ ጭረቶችን፣ የቅደም ተከተል ደንቦችንና በብዛት የሚደጋገሙ ክፍሎችን በአራት ማዕዘን ሳጥኖች በተከፋፈለ ደብተር ላይ ይለማመድ። የሚጽፋቸው ጥቂት ሆነው በደንብ የተመረጡ ይሁኑ፤ ሌሎች ፊደሎች የሚገነቡባቸው፣ ለስም፣ ለቁጥር፣ ለቀንና ለአድራሻ የሚያስፈልጉት ቅድሚያ ያግኙ። ፎርም ሲሞላ፣ ዕቃ ሲረከብ ወይም ሲፈርም ስልክ የሚያበድረው ሰው ላያገኝ ይችላልና።

አጻጻፉም ልማድ ብቻ እንዳይሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱን ፊደል ከፊት ለፊት እያዩ ሃምሳ ጊዜ መገልበጥ እጅን ያደክማል፤ አእምሮን ግን ያስተኛል። ፊደሉን አይቶ፣ ሸፍኖ፣ ከትዝታ ጽፎ፣ መልሶ ማመሳከር በአምስት ጊዜ የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና መሞከር ደግሞ ያጸናዋል።

መተየብም ከመጀመሪያው ሳምንት አብሮ ይጀምር። ነጠላ ፊደል ከመተየብ ይልቅ ሙሉ ቃልና ሐረግ መተየብ ይመረጣል፤ ፕሮግራሙም በዚህ መንገድ ይበልጥ በትክክል ይገምታል፤ ተማሪውም ቃሉን ከነአገባቡ ይይዛል። ቃናው እንዳይረሳ ተማሪው የሚተይበውን ጮክ ብሎ ይናገር፤ የጻፈውንም መልሶ ያንብብ። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች ተቀላቅለው የገቡበትን ጽሑፍ ማረም ዐይንን ለዝርዝሩ ወጥመድ የሚያዘጋጅ መልመጃ ነው።

ደረጃው ከፍ እያለ ሲሄድ ክፍፍሉ ይገለበጣል። ድርሰት፣ ደብዳቤና የሥራ ሪፖርት በኪቦርድ ይጻፉ፤ እጅ ለአጫጭር ማስታወሻዎችና ለሚያደናግሩ ፊደሎች ይቆይ። በሥነ ጽሑፍ፣ በታሪክ ወይም በትርጉም ሙያ ለመግፋት የሚፈልግ ግን በእጅ ጽሑፍ ላይ ተጨማሪ ጊዜ ማዋል ይኖርበታል። በፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አስተርጓሚም አለቃው በጥድፊያ የጫረውን ማስታወሻ እንዲያነብ ይጠበቅበታል። በፍጥነት የተጻፈ ቻይንኛ ጭረቶቹ ይያያዛሉ፤ በእጁ ጽፎ የማያውቅ ሰው የት ተጀምሮ የት እንደተቋጨ ለመለየት ይቸገራል።

የእጅ ጽሑፍ በስልክ ዓለም ውስጥም ቢሆን ያልጠበቁት ጥቅም አለው። አንድ ያልታወቀ ፊደል በሳጥን ላይ ወይም በማሽን ላይ ታትሞ ሲገኝ ፒንዪን አይረዳም፤ ድምፁ የማይታወቅ ፊደል ሊተየብ አይችልም። ካሜራው ካልለየው የሚቀረው መንገድ በስልኩ መስታወት ላይ በጣት መጻፍ ነው። ይህም የጭረቶቹን ቅደም ተከተል ለሚያውቅ ሰው ይቀናዋል።

በመግቢያችን ላይ ያነሳነው ነጋዴም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ አይዘልቅም። ድምፁን ካላወቀ ዝርዝሩን ሊከፍተው አይችልም፤ ቅርጹን ካላወቀ ደግሞ ከተከፈተው ዝርዝር ውስጥ መምረጥ ይሳነዋል። ሁለቱን የተጨማሪ ጭረቶች መስቀል አንድ ጊዜ በእጁ በጥሞና የጻፈ ሰው ግን፣ ስልኩ ሁለቱንም "ማይ" ጎን ለጎን ባቀረበለት ጊዜ የሚገዛውንና የሚሸጠውን ለመለየት ብዙ አይቸገርም።